ቢላዋው ለምን ይሰነጠቃል? በጓሯቸው ብረት ለሚቀጠቅጡ ጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ጓሮው ምድጃ ያቆመ ሰው ሁሉ ከሦስት ጥያቄ አንዱን ይዞብኝ ይመጣል። «ብረቱ አልግል አለኝ።» «ቢላዋው ጎብጦ ቀረ።» «ዘይት ውስጥ ስነክረው ጧ አለብኝ።» ክንዴ ደክሞ ተውኩት ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ችግሩ መዶሻው ላይ አይደለም። እሳቱ ላይ ነው። የብረቱን ቀለም ሳያዩ መቸኮልም አለ።

በዚህ ጽሑፍ መዶሻ የሚነሳው ደረጃ 5 ላይ ነው። እባካችሁ ዘላችሁ ወደዚያ አትሂዱ። እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ዳንግላም ሆናችሁ ብቸና፣ ባሕር ዳርም ሆናችሁ ሞጣ፣ አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ልብስ

ቁምጣ ለጎጃም ሰው ያምርበታል። ምድጃ ፊት ግን አይሆንም። ከጋለ ብረት ላይ የሚረግፈው ቅርፊት ባት ላይ ነው የሚያርፈው። ረጅም የጥጥ ሱሪ ልበሱ። የሱሪው ጫፍ ጫማው ላይ ይውረድ፤ ጫማ ውስጥ ከተከተተ ፍሙን ተቀብሎ ያስገባላችኋል። ጫማው ቆዳ ይሁን። ኮንጎ ጫማ ይቀልጣል። ናይለን ያለበት ሹራብም ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። ጋቢና ነጠላ ቤት ይቅሩ።

መነጽር ግዴታ ነው፤ ግን ግልጽ የሆነውን አድርጉ። የፀሐይ መነጽር የብረቱን ቀለም ያሳስታችኋል። ጓንት ጉጠት በያዘው እጅ ብቻ ይሁን። በጓንት የተያዘ መዶሻ ያመልጣል።

መቃጠላችሁ አይቀርም። ሲደርስባችሁ ቦታውን 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ የሚባለውን እርሱት። ቃጠሎው ከመዳፍ ከሰፋ ወይም ዓይን ከነካ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ቦታ ምረጡ

1. ጣሪያ ያለው፣ ቢያንስ በሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ ቦታ ፈልጉ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ግን ሰው ይገድላል። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው ብላችሁ ምድጃውን ወደ ማድ ቤት አታስገቡት።

2. ጣሪያው ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ ለጥላም ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ጥቁር መስሎ ይታያል። ጀማሪ ብረቱን የሚያቃጥለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

3. ከሣር ክዳን ቤትና ከጭድ ክምር ራቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሁሉ ነዶ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ምድጃ አታንሱ፤ አንድ ፍንጣሪ የጎረቤትን ዓመት ሙሉ ድካም ሊበላ ይችላል።

4. ወለሉ አፈር ይሁን። የጋለ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሲሚንቶው ይፈነጠራል።

5. አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ማዳበሪያ ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ አኑሩ። ውሃው ለሣርና ለእንጨት፣ አሸዋው ለዘይት እሳት ነው። አታምታቱት።

ደረጃ 2፦ ምድጃውን ሥሩ

የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ በርሜል፣ 1 ኢንች ስፋትና ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር የብረት ቧንቧ፣ ቀይ አፈር፣ አሸዋና ፋንድያ ነው።

በርሜሉ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል በግራይንደር መቁረጥ ቦምብ መነካካት ነው፤ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ጋዝ ይፈነዳል።

ቧንቧው ላይ ቆም በሉ። ውሃ መስመር ላይ የሚገጠመው የሚያብለጨልጨው ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንኩ ሲግል ነጭ ጭስ ያወጣል። የመጀመሪያው ምድጃዬ ቧንቧ እንዲያ ነበር። ቀን ስሠራ ውዬ ማታ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አንዘፈዘፈኝ። ወባ ነው ብዬ ተመረመርኩ፤ የለብኝም። በማግሥቱ ተሻለኝና ተመልሼ ለኮስኩት፤ ማታውን እንደገና አንዘፈዘፈኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥቁር ቧንቧ ካጣችሁ ከጋራዥ የድሮ የጭስ ማውጫ ቁራጭ ጠይቁ። ቆርቆሮም ዚንክ ስላለበት ምድጃው ውስጥ አይግባ።

ጭቃው እንዲህ ይቦካል፦

1. ቀይ አፈር በወንፊት ንፉ። ጥቁር መረሬ አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ ማሳው ይሰነጣጠቃል።

2. 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የደረቀና የተፈጨ የአህያ ወይም የፈረስ ፋንድያ ቀላቅሉ። ጋሪ የቆመበት ሁሉ ፋንድያ አይጠፋም። በውስጡ ያለው ድቃቂ ገለባ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል።

3. ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ጣት ላይ ግን የማይጣበቅ ይሁን። አንድ ሌሊት አሳድሩት።

4. በርሜሉን 50 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቁረጡ። ከዚያ ከአፉ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ጎኑን ብሱና ቧንቧውን አስገቡ። ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ በትንሹ ወደ ታች ያዘንብል፤ የቀለጠ ጉድፍ ወደ ኋላ ገብቶ እንዳይደፍነው።

5. በርሜሉን እስከ ቧንቧው ሥር ድረስ በአፈር ሙሉና ጠቅጥቁ። ከዚያ በላይ በጭቃው ገንቡ። መሐሉ ላይ 15 ሳንቲሜትር ስፋትና ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተዉ። የቧንቧው አፍ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እኩል ይሁን፤ የጉድጓዱ ወለል ከቧንቧው 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል።

6. ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት አድርቁት። ከዚያ 2 ወይም 3 ቀን ጭራሮ ብቻ አንድዱበት።

ጭቃው ሲደርቅ ቀጭን ስንጥቅ ቢያሳይ አትደንግጡ። ውሃ በዛ ያለበት ጭቃ ደፍናችሁ እንደገና አድርቁ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋው አንሷል፤ አፍርሳችሁ አቡኩት።

የወንዝ ድንጋይ ምድጃው ውስጥም ዙሪያውም አታስገቡ። ውስጡ እርጥበት ስላለ ሲግል ይፈነዳል።

ደረጃ 3፦ አየር

ሁለት መንገድ አለ። መብራት ካለ የፀጉር ማድረቂያ፣ መብራት ከሌለ ወናፍ። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የፀጉር ማድረቂያው ማሞቂያ ይጥፋ፣ ነፋሱ ብቻ ይሥራ። ከቧንቧው ጋር አጣብቃችሁ አትሰሩት። የአራት ጣት ክፍተት ተዉለት፤ አየር ሲበዛ ማድረቂያውን ወደ ጎን ዞር ታደርጉታላችሁ። ክፍተቱ ሙቀቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠውም ይረዳል።

ወናፍ ከሆነ ሁለት ስልቻ ይሁን፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይሞላል። ጀማሪ የሚሳሳተው ስልቻውን ከቧንቧው ጋር አጥብቆ በማሰር ነው። እንዲህ ከታሰረ አፉን ከፍቶ ሲያነሳው ከውጭ አየር ጋር ከእሳቱም ትኩስ ጋዝ ይስባል። ቆዳው ከውስጥ ይጠበሳል። የወናፉ አፍ በቧንቧው ፊት ልል ብሎ ይቀመጥ።

ስንት ነፋስ ይበቃል? ከሰሉ እየተፈናጠረ ከጉድጓዱ ከወጣ በዝቷል። ብረቱ ቶሎ ቶሎ ወፍራም ቅርፊት ከሠራም በዝቷል። እንደ ምድጃ ላይ ጀበና ዝም ብሎ የሚግል እሳት ነው የምንፈልገው።

ደረጃ 4፦ እሳትና ቀለም

ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ለዚህ ሥራ ይሆናል። ስትገዙ ማዳበሪያውን አንሱት። እንደ ድንጋይ ከከበዳችሁ ውሃ ጠጥቷል። እርጥብ ከሰል ይፈነጥራል፣ ሙቀትም የለውም። ክረምት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

1. ከሰሉን የሎሚ ያህል አድርጋችሁ ስበሩ። ትልቁ አየር ያሳልፋል፣ ደቃቁ ያፍናል። ደቃቁን ለቡና ስጡ።

2. በጭራሮ ለኩሱ። ፍሙ ሲይዝ ጉድጓዱን ሙሉና ከላይ ቁልል አድርጉት።

3. ብረቱን ከቧንቧው አፍ ፊት ለፊት አታስቀምጡ። «አልግል አለኝ» የሚለው ሰው ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከቧንቧው የሚወጣው አየር ገና ኦክስጅኑን አልጨረሰም፤ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ይበላዋልም። ብረቱ ከቧንቧው ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሥሩም ከላዩም ፍም ኖሮት ይተኛ።

4. ብረቱን በፍሙ ውስጥ እንደ ጦር አትውጉት። ፍሙን ገለጥ አድርጋችሁ አስተኙትና መልሳችሁ አልብሱት።

አሁን ቀለም። ይህን በቃላችሁ ያዙ።

የደረቀ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ቀይ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ መዶሻ ይቆማል። የበሰለ ቲማቲም 800 ገደማ ነው። ብርቱካን ሲሆን 950 ገደማ፤ ዋናው የሥራ ቀለም ይህ ነው። አደይ አበባ የመሰለ ቢጫ 1100 ያህል ነው፤ ለቶንዲኖ (ለግንባታው ፌሮ) ይሆናል፣ ለባሌስትራ (ለመኪና ስፕሪንግ ብረት) ግን በዝቷል። ነጭ ሆኖ እንደ ርችት ብልጭ ብልጭ ካለ ብረቱ ተቃጥሏል። የተቃጠለ ብረት አይድንም። ያን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳትሠሩ አንድ ቁራጭ ቶንዲኖ እያጋላችሁ ቀለም ብቻ እዩ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ሲመሽ ደግሞ እንደገና እዩት፤ ቀን ላይ ቲማቲም ያላችሁት ማታ ብርቱካን ይመስላችኋል።

ደረጃ 5፦ መስፍ፣ መዶሻና የመጀመሪያው ሜንጦ

ለመስፍ፣ ማለትም የጋለው ብረት ላዩ ላይ ለሚቀጠቀጥበት ብረት፣ የባቡር ሃዲድ ፈልጉ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ጎጃም ባቡር የለም። ጋራዥ ሄዳችሁ የከባድ መኪና አክሰል ቁራጭ ለምኑ፤ ወይም ቁራሌው ጋ ወፍራም ብረት ፈልጉ። ላዩ ቢያንስ እንደ መዳፍ ይስፋ፣ ለስላሳም ይሁን። የባህር ዛፍ ግንድ ላይ አስቀምጡትና በረጃጅም ሚስማር አስሩት። ግንዱን 40 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት። ከፍታው ቀጥ ብላችሁ እጃችሁን ጨብጣችሁ ስታወርዱ ጭብጣችሁ የሚነካው ያህል ነው። ዝቅ ካለ ወገባችሁ ይመሰክራል።

መዶሻው ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። በ2 ኪሎ መዶሻ ጉልበት ማሳየት የሚወድ አለ፤ ከአሥር ምት በኋላ የት እንደሚመታ አያውቀውም።

ከቢላዋ በፊት ሜንጦ (መንጠቆ) ሥሩ። ባለ 10 ሚሊሜትር ቶንዲኖ፣ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት።

1. ጫፉን አደይ አበባ እስኪመስል አግሉ።

2. መስፉ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጎን ምቱ፣ ሩብ ዙር አዙሩ፣ ምቱ። መጀመሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሹል። ክብ ሆኖ እንዲሾል ከጅምሩ ብትጥሩ መሐሉ ይሰነጠቃል።

3. ጥቁር ቀይ ሲሆን ወደ እሳት መልሱት። «አንድ ምት ብቻ» አትበሉ።

4. ሲሾል ማዕዘኖቹን አለስልሱ። በመጨረሻ መስፉ ጠርዝ ላይ አሳልፋችሁ ጎንበስ አድርጉት።

አምስት ሜንጦ ሥሩ። አምስተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ ጊዜ ካለቀ ለቢላዋ ደርሳችኋል። ካላለቀ ሌላ አምስት። ሜንጦ ቤት ውስጥ አይበዛም።

ደረጃ 6፦ ለቢላዋ የሚሆን ብረት

ቶንዲኖ ቢላዋ አይሆንም። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ምንም ብትነክሩት አይጠነክርም። ላሜራና አንጎላሬም እንደዚያው ናቸው። የምትፈልጉት ባሌስትራ ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው።

ጋራዥ በር ላይ የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም። ቀጭኑን፣ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡ። ከተሰበረበት ቦታ ራቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ እዚያ አካባቢ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ። ዝገቱን ጠርጋችሁ ጥቂት ናፍጣ ቀቡትና በጨርቅ ጥረጉት። ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ከውስጥ እየወዛ ቀጭን መስመር ያሳያችኋል። ከዚያ ናፍጣውን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ ወደ እሳት ውሰዱት።

እንዳትሞክሩት የምለው የሾክ አብዞርበር ቱቦን ነው። የታሸገ ማንኛውም ነገር እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል።

በግራይንደር 20 ሳንቲሜትር በ3 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ።

ደረጃ 7፦ መቀጥቀጥ

1. ብርቱካን ላይ አውጥታችሁ የባሌስትራውን ጉብታ አቃኑ። በጉጠት ስትይዙት ከተወዛወዘ አቁሙ። ጉጠቱን አግላችሁ በብረቱ ውፍረት ልክ ጥርሱን አስተካክሉ። ልል ጉጠት የጋለ ብረት ጉልበታችሁ ላይ ይጥላል።

2. ጫፉን አሹሉ። ሹሉ የሚወጣው ከስለቱ በኩል ሳይሆን ከጀርባው በኩል በመምታት ነው።

3. ወደ እጀታው የሚገባውን ጅራት 9 ሳንቲሜትር ያህል አጥብባችሁ ሳቡ። ጅራቱና ገላው የሚገናኙበት ጥግ እንደ ምላጭ አይቆረጥ፤ ክብ ይሁን። ቢላዋ የሚሰበረው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

4. አሁን የጎበጠው ቢላዋ ጉዳይ። የስለቱን ጎን ስትጠፈጥፉት ያ ጎን ይረዝማል፣ ጀርባው ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ቢላዋው ወደ ጀርባው ይጎብጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስለቱን ከመጠፍጠፋችሁ በፊት ብረቱን እንደ ማጭድ አጉብጡት፤ ስለቱ በሚወጣበት በኩል ጎድጎድ ይበል። ከዚያ ስትጠፈጥፉት ራሱ እየተቃና ይመጣል።

5. ስለቱን ከሁለቱም ፊት እኩል ምቱ። ሦስት ምት እዚህ፣ ገልብጣችሁ ሦስት ምት እዚያ። አንድ ወገን ብቻ ከመታችሁ ይጣመማል።

6. የስለቱን ጠርዝ ከ2 ሚሊሜትር በታች አታሳሱት። እሳት ውስጥ ቀድሞ የሚቃጠለው ቀጭኑ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባሌስትራ ጥቁር ቀይ ከሆነ በኋላ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፣ ሲነከር ነው የሚወጣው። በሥራ መሐልም ለማቀዝቀዝ ብላችሁ ውሃ አታስነኩት። ቶንዲኖ ላይ የለመዳችሁት ልማድ እዚህ ቢላዋውን ይገድለዋል።

ደረጃ 8፦ ብረቱን አሳርፉት

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። ጧ የሚለውም በዚህ ነው። ስትቀጠቅጡት የነበረው ብረት ውስጡ ተጨናንቋል፤ አንዱ ጋ ተስቧል፣ ሌላው ጋ ታምቋል። እንዳለ ከነከራችሁት ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል።

አንድ ማግኔት ያስፈልጋል። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ታገኛላችሁ። ሽቦ ላይ አንጠልጥሉት። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም።

1. ቢላዋውን ማግኔት እስኪክደው አግሉ፤ ከዚያ ትንሽ ጨምሩለት።

2. አውጥታችሁ ነፋስ የሌለበት ቦታ አንጠልጥሉት። ጥቁር እስኪሆን ጠብቁ። መስፍ ላይ አታስተኙት፤ የነካው ጎን ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጣመማል።

3. ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ።

4. ለአራተኛ ጊዜ አግሉና ደረቅ አመድ በሞላ ባልዲ ውስጥ ቅበሩት። አሳድሩት። በማግሥቱ ሞረድ እንደ ልብ ይበላዋል።

ደረጃ 9፦ ሞረድ

ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሞርዱ። ቅርፊቱን መጀመሪያ በሆምጣጤ ነክራችሁ ወይም በአሮጌ ሞረድ አንሱ፤ አዲሱን ሞረድ ይበላባችኋል። ሞረድ ወደ ፊት ሲሄድ ነው የሚቆርጠው፤ ሲመለስ አንሱት። ስለቱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ አቁሙ። አሁን ምላጭ ካደረጋችሁት ሲነከር ይወላገዳል። በአግድም የቀሩ የሞረድ ጭረቶችን በብርጭቆ ወረቀት አጥፉ፤ ስንጥቅ ከእነሱ ይጀምራል። የእጀታውን ቀዳዳ የምትበሱትም ዛሬ ነው። ነገ መሰርሰሪያ አይገባውም።

ደረጃ 10፦ ማጠንከር

ባሌስትራ በዘይት እንጂ በውሃ አይነከርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቢላዋዎቼን ውሃ ውስጥ ነው የጨረስኳቸው። ሁለተኛው ከጫፉ አራት ጣት ያህል ተቆርጦ ባልዲው ሥር ቀረ። እጄ ላይ የቀረውን ቁራጭ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ጋ ወሰድኩት። ዕድሜያቸውን ሁሉ ማረሻ ሲቀጠቅጡ፣ ሰውም ማረሻውን እየወሰደ ስም ሲያወጣላቸው የኖሩ ናቸው። ስብራቱን ፀሐይ ላይ አድርገው አዩት። ፍሬው እንደ ስኳር ከረር ከረር ያለ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ከመነከሩ በፊት ነው የሞተ» አሉኝ። አብዝቼ አግዬው ነበር። የጤነኛ ብረት ስብራት እንደ ጤፍ ዱቄት ደቃቅና ግራጫ ነው።

1. የኑግ ዘይት ወይም ማንኛውም የምግብ ዘይት 3 ሊትር አዘጋጁ። የመኪና ቃጠሎ ዘይት አትጠቀሙ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

2. ዘይቱ ረዘም ባለ የብረት ዕቃ ይሁን፤ ፕላስቲክ አይታሰብም። ክዳን ይኑረው። ክዳኑ ግራ እጃችሁ በሚደርስበት ይቀመጥ።

3. የጋለ ቁራጭ ብረት ከትታችሁ ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁ። ጣት ነክታችሁ ቶሎ የምታነሱት ያህል ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም።

4. ቢላዋውን በቀስታ አግሉ። ወናፉን ቀስ እያላችሁ ንፉ። ጫፉና ስለቱ ከገላው ቀድመው ይግላሉ፤ ስለዚህ ጀርባውን ወደ እሳቱ አድርጉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጅራት አንድ ዓይነት ይሁን።

5. ማግኔት ሲክደው ቆጠብ ብላችሁ ጨምሩ። ከቲማቲም ትንሽ ወደ ብርቱካን ሲያዘነብል፣ 840 ዲግሪ አካባቢ፣ ደርሷል።

6. ሳትዘገዩ ጫፉን ቀድማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩ። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም በስለቱና በጀርባው አቅጣጫ አንቀሳቅሱ። ወደ ጎን አታማስሉት፤ ይጣመማል።

7. መፍላቱ ሲቆም ሌላ 10 ሴኮንድ ቆይታችሁ አውጡ።

ዘይቱ ነበልባል ከያዘ አትሩጡ። ቢላዋውን ሙሉ በሙሉ አስጥሙና ክዳኑን ግጠሙ። አሸዋም ይሆናል። ውሃ ግን በፍጹም አይሆንም፤ የሚነደውን ዘይት ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል።

አሁን ሞረድ አስነኩት። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰው በደንብ አልጋለም ነበር፣ ወይም ከእሳት እስከ ዘይት መንገዱ ረዝሟል። ወደ ደረጃ 8 ተመልሳችሁ አንድ ጊዜ አሳርፉትና ድገሙ። ከተጣመመም እንደዚያው ነው። በመዶሻ ላቃናው ብትሉ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከእጃችሁ ቢወድቅም ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ነው ቀጣዩ ደረጃ ለነገ የማይባለው።

ደረጃ 11፦ ማለዘብ

በዚያው ሰዓት ውስጥ 200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ለ2 ሰዓት ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና 2 ሰዓት። ኦቨን ያለው በኦቨን ይሥራ። የሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው።

ግን የእናታችሁን ምጣድ አትንኩ። ዘይት የነካው ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ከዚህ መመሪያ አቅም በላይ ነው። የተሰነጠቀ አሮጌ ምጣድ ፈልጉ።

1. የቢላዋውን አንድ ፊት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈትጉ። ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት፤ ወዝ ቀለሙን ያበላሻል።

2. ምጣዱን አሙቁ፣ ቢላዋውን አስተኙ፣ አከንባሎውን ግጠሙ።

3. በየ5 ደቂቃው ክፈቱና እዩ። የጤፍ ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ሲመጣ ምጣዱን ንቀሉ። ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ ሰኩ። እየሰካችሁ እየነቀላችሁ ቀለሙን እዚያ ያዙት።

ለማድ ቤት ቢላዋ ከገለባ እስከ ጠጅ ቀለም ጥሩ ነው። ሐምራዊ ከሆነ ስለት ቶሎ ይደንዛል። ሰማያዊ ከሆነ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ቢላዋ አይሆንም። ከደረጃ 10 ጀምራችሁ ድገሙ።

እጀታው ወይራ ይሁን፤ በሁለት ሚስማር አያይዙት። ስለቱን በስተመጨረሻ ድንጋይ ላይ እያራሳችሁ ሳሉ። በግራይንደር አትሳሉ፤ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ካደረጋችሁት የ11 ደረጃ ሥራ ሄደ።

ምድጃውን መንከባከብ

ሁልጊዜ ሥራ ስትጨርሱ ፍሙን አውጥታችሁ በአሸዋ አፍኑት። ለነገ ከሰል ይሆናል። አመዱን ምድጃው ውስጥ አታሳድሩ፤ እርጥበት ይስብና ጭቃውን ያላላዋል። ቧንቧውን በሽቦ ኮርኩሩ።

በወር አንዴ የቧንቧውን አፍ እዩ። ጫፉ እየተበላ ያጥራል። ሁለት ጣት ያህል ካጠረ ከኋላ ገፋ አድርጉትና ዙሪያውን በጭቃ ምረጉ። ያንን ለስናችሁ ሳታደርቁ እሳት ካነሳችሁ ልስኑ ይፈነቀላል።

መዶሻው በጋ ላይ ይላላል፤ እንጨቱ ደርቆ ነው። ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፉት አሉ። ለአንድ ቀን ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል። አዲስ ሽብልቅ ምቱበት። የመሮና የመቁረጫ አናት እንደ እንጉዳይ ሲሰፋ ጠርዙን በግራይንደር አንሱት፤ በምት ጊዜ ተፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ክረምት ሲገባ መስፉን በዘይት ጨርቅ ፈትጋችሁ ሸፍኑት።

የመንከሪያው ዘይት ሥሩ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ያጠራቅማል። ጥላችሁት ሌላ አትግዙ፤ በጨርቅ አጥልሉት። ውሃ እንዳይገባበት ግን ክዳኑን ጠብቁ። የጋለ ብረት ሲገባበት በሥሩ የተኛው ውሃ በአንዴ ይተንና ዘይቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል።

ወናፉን በወር አንዴ ሞራ ቀቡት። እጥፋቱ ላይ አብዙለት፤ የሚቀደደው እዚያ ነው። ሞራ የተቀባ ቆዳ ደግሞ አይጥ ይወዳል። የእኔ የመጀመሪያው ወናፍ አንድ ሳምንት መሬት ላይ አድሮ ሦስት ቦታ ተበልቶ አገኘሁት። አሁን ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ ይንጠለጠላል። በገመድ አይደለም፤ በገመድ ወርዳ በልታለች።